ከበሮው እስከ የት ይሰማል

ትልቁ ከበሮ ሳሎን ውስጥ፣ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ቆሟል። እንዳይንከባለል ከግራና ከቀኝ ትራስ ተሸጉጦለታል። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው፤ ጥቁሩ ጨርቅ ገና አልተቆረጠም። እናት መቀሷን ይዛ ትጠብቃለች። አባት የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻይ ያማስላል። የልኬ ስልክ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በፊቱ ተደፍቷል፤ እስካሁን ማንም አልደወለም። ልኬም እስካሁን ማንንም አልዋሸችም።

«ዙሪያው ስንት መጣ?» አለች እናቷ።

ልኬ ሜትሩን በከበሮው ወገብ ላይ አዙራ ጫፉን ከቁጥሩ ጋር አገናኘች። «ሁለት ሜትር ከሃምሳ አንድ።»

«ሃምሳ በይው በቃ።»

«ሃምሳ አንድ ነው እኮ እማዬ።»

«ጨርቅ ነው የምንሰፋው፤ ጨረቃ ላይ አይደለም የምንወጣው» አለች እናቷ። ቢሆንም ሃምሳ አንድ ላይ ምልክት አድርጋ ቆረጠች።

ልኬ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ስሙ የወጣላት ትምህርት ቤት ነው። መምህር «ረጅም ወንዝ» ካሉ እጇን አውጥታ «ልኩ ስንት ነው?» ሳትል አታልፍም። ቀስ በቀስ ቤት ውስጥም ሌላ ስም የሚጠራት ጠፋ።

ከበሮው ቤት የመጣው የድሮ ልብሱን ብል ስለበላው ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ትናንት ጠዋት አርፈዋል። ቀብራቸው በመንግሥት ደረጃ ይፈጸማል፤ የሠራዊቱ ማርሽ ባንድ ከፊት ይሄዳል፤ በባንዱ ውስጥ ትልቁን ከበሮ የሚመታው የልኬ አባት ነው። ሟቹ ሥልጣን የለቀቁት ልኬ ከመወለዷ በፊት ስለሆነ ለብዙዎቹ የክፍሏ ልጆች መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ ፎቶ ናቸው። ለልኬ ግን የቡቡ አያት ናቸው። ባርኔጣ አድርገው በእግራቸው የትምህርት ቤቱ በር ድረስ ይመጡና የልጅ ልጃቸው እስክትወጣ ከዘበኛው ጋር ስለ ኳስ ይከራከራሉ። ይከራከሩ ነበር።

«ጨርቁ ለምንድን ነው ግን?» አለች ልኬ።

«ያፍነዋል» አለ አባቷ። «ስንሄድ መጮህ የለበትም። ከሩቅ የልብ ምት ነው መምሰል ያለበት።»

«ስትመለሱስ?»

«ስንመለስ ይወልቃል። ፈጣን ማርሽ እንጫወታለን።»

ልኬ ሜትሩን መጠቅለሏን አቆመች። አባቷ ባንድ ውስጥ ሲሠራ ዕድሜዋን ሙሉ ኖራለች፤ ይህን ግን ጠይቃ አታውቅም። «ፈጣን ማለት... ደስ የሚለው? ለሰልፍ ቀን የምትጫወቱት?»

«እሱኑ።»

«ከቀብር ስትመለሱ? ለምን?»

«እንደዚያ ነው።»

«እንደዚያ ነው» ልኬ ከምትጠላቸው መልሶች አንደኛው ነው። ሌላ ጥያቄ ልትጨምር ስትል ስልኳ ጮኸ።

ቡቡ ነበረች። ልኬ ስልኩን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ወጣች።

«ቤቱ በሰው ሞልቷል» አለች ቡቡ በሹክሹክታ። «ሽንት ቤት ቆልፌ ነው የምደውለው። ይኸው አሁንም አንዱ ያንኳኳል።»

«አይዞሽ እሺ? መጥቼ አይሻለሁ።»

«ነይ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አባትሽ ነው አይደል ከበሮውን የሚመታው?»

«አዎ።»

«የአባዬንም እሱ ነበር የመታው።»

ልኬ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች። የቡቡ አባት ሻለቃ ነበር፤ ቡቡ ሰባት ዓመቷ ሳለ ሞተ። ሁለቱ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ልኬ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ግን አንዱን ከሌላው ጋር ገጣጥማው አታውቅም።

«አልተቀየምኩትም፤ ታዞ ነው» አለች ቡቡ። «ስንሄድ ቀስ ብለው ነበር የሚጫወቱት። ሁሉም ሰው ልክ እንደኔ የከፋው ይመስል ነበር። ከዚያ ቀበርነው። አፈሩ ሳይደርቅ፣ ገና ከበሩ ሲወጡ፣ ጭፈራ። መኪና ውስጥ ሆኜ አያለሁ፣ መንገድ ዳር አንድ ሕፃን እየዘለለ ይጨፍራል፤ እናቱ ትስቃለች። አባቴ ስለሞተ ደስ ያላቸው ነው የመሰለኝ ልኬ። አሁን አድጌ እንኳን እንደዚያ እንዳልሆነ ባውቅም፣ ጆሮዬ አያውቅም።»

ልኬ አንድ ነገር ትዝ አላት። አምና በትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን ማርሽ ባንድ ሲያልፍ ቡቡ ሁለት ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ነበር። ያን ጊዜ ልጆቹ «አቦ አታካብጂ» ብለው ስቀውባታል። ልኬም ስቃ ነበር።

«ለአባትሽ ንገሪልኝ» አለች ቡቡ። «አያቴን ቀብረው ሲመለሱ ዝም ብለው ይመለሱ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እነግረዋለሁ» አለች ልኬ።

ነገረችውም። የማን ጥያቄ እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

አባቷ ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «እኔ ሃምሳ አለቃ ነኝ። ከላዬ ሻምበል አሉ። ከሳቸው በላይ ሌላ አለ። ከሱ በላይ ደግሞ ደንብ አለ።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«ሞቷል። ሄደሽ ጠይቂው።»

እናቷ መርፌ በጥርሷ እንደያዘች ሳቀች። ልኬ አልሳቀችም። ቡቡ እንደገና የደወለችው ጨርቁ ግማሹ ከተሰፋ በኋላ ነው። ድምጿ ከቅድሙ ያነሰ ነበር፤ ሰው እየሰማት እንደሆነ ያስታውቃል።

«ነገርሽው?»

«አዎ።»

«ምን አለ?»

ልኬ በኮሪደሩ በር በኩል አባቷን አየችው። ጥቁሩን ጨርቅ ከበሮው ላይ አልብሶ በጣቱ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ቆዳው ምንም የማይል ይመስላል።

«እሺ ብሏል» አለች።

ከስልኩ ወዲያ ቡቡ ተነፈሰች። ለረጅም ጊዜ ይዛው የቆየችው ትንፋሽ ይመስል ነበር።

*

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ልኬ ከበሮውን ለማድረስ ከአባቷ ጋር ካምፕ ሄደች። የባንዱ መለማመጃ ክፍል ረጅም አዳራሽ ነው፤ ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፏል፤ ወለሉ ላይ ከትራምፔቶች የተራገፈ ምራቅ ክብ ክብ ሠርቶ ደርቋል። የባንዱ መሪ ሻምበል አዲሱን የከበሮ ልብስ በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። አንድም ቦታ አልተጨማደደም።

«ማነው የለካው?»

«እኔ ነኝ» አለች ልኬ። ከዚያ ዕድሉ እንዳያመልጣት ፈጠን ብላ «ጋሽ ሻምበል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ከቀብር ስትመለሱ ለምንድን ነው ደስ የሚል ማርሽ የምትጫወቱት?» አለች።

አባቷ ጣሪያውን አየ። ሻምበሉ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለእንግዳ የምሰጠው መልስ አለኝ። ሟቹ ግዳጁን ፈጽሟል፤ የቀረነው ወደ ግዳጃችን እንመለሳለን እላለሁ። ይጨበጨብልኛል።»

«እውነተኛውስ?»

«እውነተኛውን አላውቀውም። እኔ ስቀጠርም እንደዚህ ነበር። አለቃዬን ጠይቄ ነበር፤ እሳቸውም ሲቀጠሩ እንደዚያ ነበር።» ጺማቸውን አሻሹ። «ብዙ አገር እንደዚሁ ነው አሉ። ማን እንደጀመረው የሚነግርሽ ካገኘሽ ለኔም ንገሪኝ።»

ልኬ «አላውቀውም» የሚል መልስ ከትልቅ ሰው ስትሰማ ደስ ይላታል። ደፈር አለች። «ደንቡ ከየት ጀምራችሁ ተጫወቱ ነው የሚለው?»

«ከመቃብሩ ግቢ ከተወጣ በኋላ።»

«በኋላ ማለት ስንት ሜትር?»

ሻምበሉ ወደ አባቷ ዞሩ። «ይቺን ልጅ ከየት ነው ያመጣሃት?»

«ቤት ውስጥ ተገኘች ጌታዬ።»

ትሮምቦን የሚነፋው ወታደር መሣሪያውን እየወለወለ ሳቀ። ሻምበሉ ግን ጥያቄውን አልጣሉትም። ሜትሩ እንዳልተጻፈ፣ ባንዱ በልማድ ከበሩ እንደወጣ እንደሚጀምር ነገሯት። ከዚያ «ለምን ፈለግሽው?» አሉ።

«መቃብሩ ጋ የሚቀር ሰው እንዳይሰማው።»

የትሮምቦኑ ወታደር መወልወሉን አቆመ። «ነገ ጠዋት ሙሉ ልምምድ አለን» አሉ ሻምበሉ በመጨረሻ። «አንቺ መቃብሩ ቦታ ቁሚ። እኛ እንመለስ። እስከ የት እንደሚሰማ ንገሪኝ። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ እወቂ፤ ሰልፈኛ ያለ ምት አይሄድም። ጨርሶ ዝም ማለት የሚባል ነገር የለም።»

ሲመለሱ አባቷ ከፊት ከፊት ሄደ። የጫማ ጠጋኙን ሱቅ ካለፉ በኋላ «ለማን ነው?» አለ።

«ለቡቡ።»

«የሻለቃው ልጅ።» ራሱን ነቀነቀ። «አንቺስ ምን አልሻት?»

«እሺ ብሏል አልኳት።»

«ማን ነው እሺ ያለው?»

«አንተ።»

አባቷ ቆመ። ቆጣ ይላል ብላ ጠበቀች። «እኔ እሺ ማለቴን መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለና መራመድ ጀመረ። «እንግዲህ ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ። የኔን ግን እመታለሁ።»

ልኬ ፊቷ ጋለ። አባቷ አላያትም። እንደ አረማመዱ በቀስታ ወሬ ጀመረ።

«አንድ ጊዜ ዝም ብለን ተመልሰናል። ገና ምልምል ሳለሁ ነው። መኪና ተገልብጦበት የሞተ አንድ ልጅ ነበር፤ ከኛው ጋር የሠለጠነ። ዝናብ መጣ። የዚያን ጊዜ ከበሮ እውነተኛ ቆዳ ነበር፤ ውኃ ሲጠጣ እንደ እርጥብ ፎጣ ይሆናል። አይመታም። ዝም ብላችሁ ተመለሱ ተባለ።»

«እሺ?»

«ስንወጣ ሰልፍ ነበርን። ትንሽ እንደሄድን የአንዱ እርምጃ ተሳተ። ቀጥሎ የሌላው። ከዚያ በኋላ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ የራሱን ነገር ተሸክሞ ብቻውን ነው የሚሄደው። አልጋው ከሟቹ አልጋ አጠገብ የነበረው ልጅ መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ተነሣ ቢባል አልነሣም አለ። ተሸክመነው ነው የገባነው።»

«ስለዚህ ለዚያ ነው የምትጫወቱት?»

«እኔ እንጃ። ደንቡን ያወጣው ሰው ምን እንዳሰበ አላውቅም። እኔ ስመታ የማየው እግራቸውን ነው። እግራቸው ሲነሣ አያለሁ። በቃ እሱን ነው የማውቀው።»

*

የልምምዱ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የመቃብሩ ግቢ በር ላይ ያለው ባንዲራ ለሐዘኑ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል፤ ጫፉ ወደ መንገዱ ይውለበለባል። ልኬ አዲስ የተቆፈረው አፈር ጎን ቆመች። የቆመችበት ቦታ ነገ የቡቡ ቤተሰብ የሚቆምበት ነው።

ወታደሮቹ በአሸዋ የተሞላ ሣጥን ተሸክመው ገቡ። የሐዘን ማርሹ በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ እግራቸው አየር ላይ የሚቆም ይመስላል። አባቷ ጥቁር የለበሰውን ከበሮ ደረቱ ላይ አንግቦ ይመታል፤ ድምፁ በጆሮ ከመሰማቱ ይልቅ በጫማዋ በኩል የሚመጣ መሰላት። ሣጥኑ ወረደ። ባንዱ ዞረ። በሩን አልፎ እንደወጣ የከበሮው ልብስ ወለቀ፤ ፈጣኑ ማርሽ ፈነዳ።

ልኬ ዓይኗን ጨፈነች። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ትራምፔት ይሆናል ብላ አስባ ነበር፤ ከሁሉም የሚጮኸው እሱ ነውና፣ ከሁሉም ርቆ የሚሄደውም እሱ መሆን አለበት። አልሆነም። መጀመሪያ የጠፋው ክላርኔቱ ነው። ነዳጅ ማደያው ጋ ትራምፔቱ ተከተለ። ዜማው በሙሉ ካለቀ በኋላ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ። የአባቷ ከበሮ ነበር። ልኬ ሳታስበው ራሷን ነቀነቀች፤ ርቆ የሚደርሰው ዜማው አይደለም ማለት ነው። እሱም መንገዱ ከሚታጠፍበት ረጅም የመጋዘን ግድግዳ ጀርባ ሲገባ ጠፋ። በመጨረሻ፣ ባንዱ አውቶቡሶቹ ወደሚቆሙበት ሲደርስ፣ ሁለት ፈጣን ምት መኖር ነበረበት፤ ባንዱን «አቁም» የሚለው እሱ ነው። ልኬ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀችው። አልመጣም።

ሻምበሉ ላብ በላብ ሆነው ሲመለሱ የሰማችውን ነገረቻቸው። መታጠፊያው ከመቃብሩ ሰባት መቶ ሜትር ነው፤ በእርምጃዋም በስልኳ ካርታም ለክታዋለች።

«ከመታጠፊያው ወዲህ ሁሉም ይሰማል። ከመታጠፊያው ወዲያ አይሰማም። ማለቴ፣ ዛሬ አልተሰማም።»

ሻምበሉ የኮፍያቸውን ውስጥ በመሀረብ ጠረጉ። «እንግዲህ እንዲህ እናደርጋለን። እስከ መታጠፊያው ትንሹ ከበሮ በእንጨቱ ብቻ ጠርዙን ይንካ፤ እርምጃ ለመጠበቅ ይበቃል። የትልቁ ከበሮ ልብስ እዚያው መታጠፊያው ላይ ይወልቃል። ደንቡ በኋላ ነው ያለው፤ ይሄም በኋላ ነው።»

«ይሄን ሁሉ መንገድ ሳልነፋ?» አለ የትሮምቦኑ ወታደር። «በየቀኑ መንግሥታዊ ቀብር ይሁንልኝ።»

«ቀጣዩን ያንተ እንዳላደርገው» አሉት ሻምበሉ።

*

የቡቡ ቤት ግቢ ውስጥ ወንበሮች ተደርድረዋል። ቡቡ የአያቷን ክፍል ከፍታ ልኬን አስገባቻት። ባርኔጣቸው አልጋው ላይ፣ መነጽራቸው ጋዜጣ ላይ ነው። ቡቡ የባርኔጣውን ጠርዝ እያሻሸች ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ግን ከትናንት በስቲያው ድምጿ ይልቅ የተረጋጋ ነበር።

«ትናንት ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ» አለች። «እንደሚመለሱ ሳስበው ነው። ዝም ብለው ሲሄዱ። አባትሽን አመሰግናለሁ በይልኝ፤ ቀብሩ ሲያልቅ ራሴም እነግረዋለሁ።»

ልኬ መነጽሩን ከጋዜጣው አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

ምንም ባትናገር ምን ይመጣል? እስከ መታጠፊያው ዝም ይላሉ። ከመታጠፊያው ወዲያ አይሰማም። ቡቡ በሕይወቷ ሙሉ አታውቅም። ነገር ግን ልኬ የለካችው አንድ ጊዜ ነው፤ በአንድ ነፋስ። የበሩ ባንዲራ ወደ መንገዱ እንጂ ወደ መቃብሩ አልነበረም የሚውለበለበው። ነፋሱ ቢዞርስ? ቢሰማስ? ቢሰማ የምትለው ነገርም ከአሁኑ ተዘጋጅቶ አፏ ላይ ነበር፦ «አባዬ እሺ ብሎኝ ነበር፤ ቃሉን በላ።» ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ተሰናድቶ መቀመጡ አስደነገጣት።

«እሺ አላለም» አለች።

«ምን?»

«አባዬ እሺ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። መጀመሪያ ጠይቄው አይሆንም ብሎኛል። አንቺ ስትደውይ... አይሆንም ማለት አቃተኝ።»

የቡቡ እጅ ባርኔጣው ላይ ቆመ።

«ስለዚህ ይጫወታሉ።»

«ከመታጠፊያው በኋላ። እስከዚያ ዝም ይላሉ፤ ሻምበሉ ፈቅደዋል። ከመታጠፊያው ወዲያ ላይሰማ ይችላል። ሊሰማም ይችላል፤ እንደ ነፋሱ ነው።»

«አሁን ስለ ነፋስ ነው የምታወሪኝ?»

«ልክ ያልሆነ ነገር እንዳልነግርሽ ብዬ ነው።»

«እሱን ከትናንት በስቲያ ነበር ማሰብ።» ቡቡ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ፊቷን አላዞረችም። «ሂጂ ልኬ። ሰው ይጠብቀኛል።»

ልኬ ወጣች። ግቢው ውስጥ የነበሩት እንግዶች በሩን ከፈቱላት፤ አንድ ሽማግሌ «አይዞሽ ልጄ» አሏት። የምታለቅሰው ለሟቹ መስሏቸው ነው።

*

የቀብሩ ቀን ባንዲራው ዞሮ ነበር።

ልኬ ከእናቷ ጋር ከሕዝቡ መሐል ቆማ አየችው። ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ወደ መቃብሩ፣ ወደሷ ይውለበለባል። ሣጥኑን የጫነው የመድፍ ጋሪ ገባ። ሣጥኑን ስምንት መኮንኖች ትከሻቸው ላይ አነሡት። ከፊታቸው ባንዱ፣ ከባንዱ መሐል ጥቁሩ ከበሮ። ምቱ ሲደርስ ሰዎች ማውራት አቆሙ፤ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። እናቷ የከበሮው ልብስ ላይ ዓይኗን ተክላ «ሃምሳ አንዱ ልክ ነበር» አለች በልኬ ጆሮ።

ቡቡ ከቤተሰቡ ጋር በፊተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር አለች፤ ልኬን አይታት እንደሆነ አልታወቀም።

አፈሩ ተመለሰ። አበባው ተቀመጠ። ባንዱ ዞረ፤ የትንሹ ከበሮ እንጨት ጠርዙን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ወታደሮቹን ይዞ ወጣ። ከበሩ ሲያልፉ ልኬ ሳታስበው ጥርሷን ነከሰች። ምንም አልጮኸም። ቀጭታው ብቻ እየራቀ ሄደ።

ሰዉ ወደ መኪናው መበተን ጀመረ። የቡቡ እናት የመኪናውን በር ከፍታ ልጇን ትጠራለች። ቡቡ ግን አልገባችም። በሰዉ መሐል ሰንጥቃ መጣችና ልኬ ፊት ቆመች። እጆቿ የካፖርቷ ኪስ ውስጥ ናቸው።

«ስትለኪ የት ጋ ነበር የቆምሽው?» አለች።

ልኬ በጣቷ አሳየቻት። ቡቡ ሄዳ እዚያው ላይ ቆመች። ትንሽ ጠብቃ «አትመጪም?» አለች።

ጎን ለጎን ቆሙ። ቀጭታው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ተቋረጠ። ልኬ አባቷ የከበሮውን ልብስ ሲያወልቅ፣ አጥፎ ቀበቶው ውስጥ ሲሸጉጥ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው።

«ለምን እንደሚጫወቱ ጠይቀሻል መቼም» አለች ቡቡ።

«ጠይቄያለሁ። ሻምበሉ አላውቅም ነው ያሉት። አባዬም አያውቅም። ግን አንድ ጊዜ ዝም ብለው ተመልሰው ነበር።» ልኬ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቆዳው፣ መንገድ ዳር ቁጭ ስላለው ልጅ ነገረቻት። «አባዬ ሲመታ የሚያየው እግራቸውን ነው።»

ቡቡ ወደ መታጠፊያው ዞረች። ነፋሱ የአበባዎቹን ላስቲክ አንኮሻኮሸው። ከዚያ፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ ዜማ የሌለው አንድ ድምፅ መጣ። ዱም። ዱም። ዱም።

ልኬ ቶሎ ዞረች። የቡቡን እጆች አየች። ከኪሷ አልወጡም።

«ይሄ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው?» አለች ቡቡ።

«አዎ።»

«አይሰማም ብለሽኝ ነበር።»

«ላይሰማ ይችላል ነው ያልኩሽ።»

«አቦ፣ አንቺ ደግሞ» አለች ቡቡ። ሳቅ አልነበረም፤ ከሳቅ ግን ብዙም አይርቅም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ማዳመጥ ቀጠለች። «ዜማው የለም። እንደዚህ ብቻውን ሰምቼው አላውቅም።»

ምቱ እየቀነሰ ሄደ። እናቷ እንደገና ስትጣራ ቡቡ እጇን አውጥታ «አንዴ» የሚል ምልክት አሳየች፤ መልሳም ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ምቱ ከመኪኖቹ ድምፅ ሥር ገባ፤ ወጣ፤ እንደገና ገባ። ከዚያ ሁለት ፈጣን ምት ተከታትሎ መጣና ቆመ።

«ይሄስ?»

«አቁም ማለት ነው» አለች ልኬ። «አውቶቡሶቹ ጋ ደርሰዋል።»

በኋላ ልኬ በስልኳ ካርታ ላይ ከመቃብሩ እስከ አውቶቡሶቹ ቀጥታ መስመር አስምራ ለካች፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ሜትር ነው። ሁለቱ ምቶች ያንን መንገድ ለመምጣት ሦስት ሰከንድ ተኩል ፈጅቶባቸዋል፤ ሁለቱ ልጆች ሲሰሟቸው አባቷ መምቻውን አውርዶ ነበር።